አዲሱን የዓባይ ድልድይ በእግርና በብስክሌት፦ ወደ ባሕር ዳር ለሚመጣ የዳያስፖራ ሰው

ባሕር ዳር ደርሶ አዲሱን የዓባይ ድልድይ በመኪና ብቻ ያለፈ ሰው፣ ከተማዋ ለእንግዳ ካላት አገልግሎት ሁሉ የተሻለውን ሳያገኝ ተመለሰ። የሚከፈልበት ነገር የለም፣ ቀጠሮ አያስፈልገውም፣ አስጎብኚም አይጠይቅም። ከዚህ በታች ያለው ስለ ድልድዩ የእግረኛና የብስክሌት መስመር፣ ስለ ኪራይ ብስክሌት፣ ስለ ባጃጅና ስለ ጀልባ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ለሚመጡ የተጻፈ ግምገማ ነው። ፍርዴን ላስቀድም፦ ድልድዩ ራሱ በሠለጠኑት አገሮች ከሚታዩት የሚያንስ አይደለም። ጥንቃቄ የሚፈልጉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ወደ ድልድዩ መግባቱና መውጣቱ፣ ሌላው የምትከራዩት ብስክሌት።

ድልድዩ የተመረቀው ግንቦት 4 ቀን 2016 ዓ.ም ነው። ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱ 43 ሜትር ነው። ለእግረኛ ትልቁ ቁም ነገር ስፋቱ ነው። ስድስት መኪና ጎን ለጎን ያሳልፋል፤ አንዱን መስመር 3.5 ሜትር ብለን ብናሰላው ለመኪና የሚውለው 21 ሜትር ገደማ ይሆናል። የቀረው ግማሽ ለእግረኛው፣ ለብስክሌቱ፣ ለመሐል መለያውና ኬብሎቹ ለሚታሰሩበት ቦታ ተርፏል ማለት ነው። ከ60 ዓመት በላይ ያገለገለውን የቀድሞውን ድልድይ የሚያስታውስ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እዚያ የጭነት መኪናው፣ ጋሪው፣ ብስክሌቱና ገበያተኛው በአንድ ጠባብ መንገድ ይጋፉ ነበር። አሁን ሕፃን ልጅ እጅ ይዞ፣ ወሬ እያወሩ፣ ጎን ለጎን መሻገር ይቻላል።

ከፍ ያለ ቦታ የሚያስፈራችሁ ካላችሁ ስለ አሠራሩ ትንሽ ብታውቁ ልባችሁ ይረጋጋል። ድልድዩ በምህንድስናው ቋንቋ ኤክስትራዶዝድ የሚባለው ዓይነት ነው። በተለመደው የኬብል ድልድይ ምሰሶው ከመንገዱ በላይ የሚኖረው ቁመት ከዋናው ዝርጋታ (በሁለት ምሰሶዎች መካከል ካለው ርቀት) አንድ አምስተኛ ገደማ ይሆናል፤ በዚህኛው ዓይነት ግን ከአንድ ስምንተኛ እስከ አንድ አሥራ አምስተኛ ድረስ ዝቅ ይላል። ምሰሶው ሲያጥር ኬብሎቹ ይጋደማሉ። ስለዚህ ዋና ሥራቸው መንገዱን ወደ ላይ ማንጠልጠል ሳይሆን ኮንክሪቱን ከዳርና ዳር ጨምቆ መያዝ ነው። አብዛኛውን ክብደት የሚሸከመው ወፍራሙ የኮንክሪት አካል ራሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ግትርና ከባድ ስለሆነ በሰው እርምጃ አይናወጥም።

ንጽጽር ለሚፈልግ፣ የለንደኑ ሚሌኒየም የእግረኞች ድልድይ ሰኔ 2000 እ.ኤ.አ. በተከፈተ በሁለተኛው ቀን በመወዛወዙ ተዘጋ፤ እንደገና የተከፈተው ንዝረት የሚውጡ መሣሪያዎች ከተገጠሙለት በኋላ በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። ምክንያቱ ድልድዩ ቀላልና ቀጭን መሆኑ፣ ሕዝቡም ሳያውቀው እርምጃውን ከድልድዩ ንቅናቄ ጋር እያስማማ መሄዱ ነበር። የባሕር ዳሩ ከባድ መኪና እንዲሸከም የተሠራ ስለሆነ ያ ዓይነት ችግር አያሰጋውም። የጭነት መኪና ሲያልፍ በእግራችሁ የሚሰማችሁ ትንሽ ንዝረት ግን ጤናማ ነው፤ ጨርሶ የማይነቃነቅ ድልድይ የለም። በነገራችን ላይ ከአዲስ አበባ በጎሃ ጽዮንና ደጀን በኩል በመኪና ለሚመጣ፣ በዓባይ በረሃ የሚሻገረው 303 ሜትሩ የሕዳሴ ድልድይም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ሁለቱን በአንድ ጉዞ ማየት ለልጆች ጥሩ ትምህርት ነው።

በዝግታ ለሚራመድ ሰው ከዳር እስከ ዳር አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ደርሶ መልሱ ከጫፍ ጫፍ 760 ሜትር ነው፤ ፎቶና ቆም ማለት ሲጨመር ግማሽ ሰዓት መያዝ ይበቃል። ከከተማው ወደ ጎንደር አቅጣጫ ስትሻገሩ ሐይቁ ያለው በስተግራ ነው፤ በስተቀኝ ወንዙ ወደ ጢስ ዓባይ ይወርዳል። እይታው የሚያምረው በግራው በኩል ስለሆነ በዚያ ሂዱና በሌላው ተመለሱ። በመካከል ግን የመኪናውን መንገድ አቋርጦ ወደ ሌላው ጎን ለመሻገር በፍጹም አትሞክሩ። ስድስት መስመር ነው፣ መንገዱ ቀጥ ያለ ስለሆነም መኪናው ይፈጥናል። መሻገር ያለባችሁ ጫፍ ላይ፣ የእግረኛ ማቋረጫ ባለበት ነው።

ሰዓትን በተመለከተ፣ ፀሐይ እንደ ወሩ ከ12 ሰዓት እስከ 12:45 ባለው ጊዜ ትወጣለች፤ በዚያው ልክ ማታ ትጠልቃለች። ለመራመድ ምርጡ ከንጋት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ፀሐይ፣ ኮንክሪቱ ከሚመልሰው ሙቀት ጋር፣ ከአውሮፓ ክረምት የመጣን ቆዳ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያቃጥላል። ድልድይ ላይ የዛፍ ጥላ የለም፤ ባርኔጣና ውኃ ይያዝ። ማታ ለፎቶ የሚወጣ ሰው ደግሞ ይህን ልብ ይበል፦ በሚያዝያና በግንቦት ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ ጠጋ ብላ ትጠልቃለች፣ በታኅሣሥና በጥር ወደ ከተማው በኩል ትሸሻለች።

የወንዙ ሙላት የብዙዎች ጥያቄ ነው። የጣና ውኃ ከፍ የሚለው በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ ያኔ ድልድዩ ሥር ያለው ዓባይ ሰፊና ደፍራሳ ነው። በበጋ ግን የሚወርደው ውኃ መጠን የሚወሰነው ከሐይቁ መውጫ ላይ ባለው የጨረጨራ ግድብ በሮች ነው። ከ2002 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ ከሐይቁ ብዙ ውኃ በዋሻ ወደ ጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ይሄዳል፤ ማመንጫው 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ስለዚህ በየካቲት መጥቶ «ዓባይ ይኼ ነው?» ብሎ ማዘን ተገቢ አይደለም። በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ላይም የሚታየው ያው ነው።

ከአረጋውያን ወላጆች ጋር ለምትመጡ ይህ ቦታ እጅግ ይመከራል፤ እውነቱን ለመናገር ለእነሱ ብሎ የተሠራ ያህል ነው የሚመቸው። ዋናው ነገር ባጃጁ ወይም መኪናው የት እንደሚያወርዳቸውና የት እንደሚቀበላቸው አስቀድሞ መስማማት ነው። ሾፌሩ ከማዶ ጠብቆ ቢቀበላቸው እናት ወይም አባት 380 ሜትር ብቻ ይራመዳሉ። ድልድዩ ላይ ለማውረድ መቆም አይቻልም፤ አደገኛም ነው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ካለ፣ ችግር የሚሆነው የመንገዱ ተዳፋት ሳይሆን ከመንገድ ወደ እግረኛ መስመር የሚወጣበት ጠርዝ ነው። የወንበሩ የፊት ጎማ ትንሽ ስለሆነ የአምስት ሴንቲሜትር ጠርዝ እንኳ ያቆመዋል፤ ወንበሩን ወደ ኋላ አዙሮ የኋላውን ጎማ አስቀድሞ ማውጣት ይሻላል።

አሁን ወደ ብስክሌቱ። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት የተማሪውም፣ የሠራተኛውም፣ የነጋዴውም መጓጓዣ ነው። የኪራይ ብስክሌት በየሆቴሉም በመንገድ ዳርም ይገኛል። ዋጋው በሰዓት ወይም በቀን ነው። ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ የቆየ የዋጋ መረጃ ስለማይሠራ፣ ከመሄዳችሁ በፊት የሆቴሉን ሠራተኛ ጠይቁ፤ የምትስማሙትም በብር ይሁን። መያዣ ሲጠየቅ ፓስፖርት አትስጡ፤ ኮፒው ወይም ጥቂት ገንዘብ ይበቃል። ከብስክሌቱ ጋር ፎቶ አንስታችሁ፣ የተጫረውንና የተሰበረውን ለባለቤቱ እያሳያችሁ ውሰዱ፤ ስትመልሱ ክርክር አይኖርም።

የኪራይ ብስክሌት ዋና ጉድለቱ ፍሬን ነው። የፍሬኑን እጀታ ስትጨብጡ ከመሪው ጋር የሚነካካ ከሆነ ሽቦው ላልቷል። የፊተኛውን ፍሬን ይዛችሁ ብስክሌቱን ወደ ፊት ግፉት፤ የኋላው ጎማ ከመሬት ብድግ ማለት አለበት። ካላለና የፊቱ ጎማ ከተንሸራተተ ወይም ከዞረ አትውሰዱት። የፍሬኑን ጎማ ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ መንካት ያለበት የቸርኬውን ብረት ነው። ወደ ላይ ወጥቶ የጎማውን ጎን የሚፈገፍግ ከሆነ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ይቆርጠውና ከመነዳሪው በድንገት ይፈነዳል። ይህ በአምስት ደቂቃ በቁልፍ የሚስተካከል ነገር ነው፤ «ወንድሜ፣ እቺን ፍሬን ዝቅ አድርግልኝ» ማለት ነው። እንቢ የሚል ሠራተኛ እምብዛም አይገጥምም።

የጎማው ንፋስ ሁለተኛው ነው። በአውራ ጣት አጥብቃችሁ ስትጫኑት ትንሽ ብቻ መግባት አለበት፤ ለተራ ባለ 26 ጎማ ከ2.5 እስከ 3.5 ባር ተገቢ ነው። ንፋሱ ሲያንስ ብስክሌቱ ጠርዝ ወይም የድልድይ መገጣጠሚያ ላይ ሲመታ ከመነዳሪው በመሬቱና በቸርኬው መካከል ይቆነጠጣል፤ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። ጎሚስታ ጋ ስትሄዱ አንድ ቀዳዳ ብቻ ለጥፎ ቢሰጣችሁ ከመቶ ሜትር በኋላ እንደገና ይተነፍሳል፤ ስለዚህ ሁለተኛውን በውኃ ውስጥ እንዲፈልገው ጠይቁ። የተለጠፈ ከመነዳሪ ያለውን ብስክሌት በቀትር ፀሐይ ላይ አታቁሙ። በሙቀት ማጣበቂያው ይለሰልሳል፣ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፣ ልጥፉም ይነሣል። ካፌ ስትቀመጡ ጥላ ሥር ይሁን።

ጎማውን አንሥታችሁ አሽከርክሩና ቸርኬው ወዲያና ወዲህ የሚል መሆኑን እዩ። የፊቱን ፍሬን ይዛችሁ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስታወዛውዙት መሪው ሥር ኳ ኳ ካለ የመሪው ኩሽኔት ላልቷል፤ ለአጭር መንገድ ያስኬዳል፣ ለረጅም አይበጅም። ኮርቻውን ደግሞ ሁሉም ሰው ዝቅ አድርጎ ነው የሚይዘው። ተረከዝ ፔዳሉ ላይ ሆኖ፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግር ቀጥ ማለት አለበት፤ ዝቅ ያለ ኮርቻ ጉልበት ያሳምማል። ካቴናው ከዛገ ጥቂት ዘይት ይጠይቁ፤ የሐይቁ እርጥበትና የመንገዱ አቧራ ሲቀላቀሉ ቶሎ ያደርቁታል፣ የደረቀ ካቴና ደግሞ አቀበት ላይ ይዘላል።

ከውጭ ሊመጣ የሚገባው የራስ ቁር፣ የፊትና የኋላ መብራት፣ ቁልፍ እና የልጥፍ ዕቃ ነው። የራስን ብስክሌት የሚያመጣ ሰው ጎማው ቀጭኑ ፕሬስታ የሚባለው ቫልቭ ካለው መለወጫውን ይያዝ፤ የጎሚስታው ፓምፕ የሚገጥመው ለወፍራሙ ነው።

ድልድዩ ላይ በ15 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚነዳ ሰው በአንድ ደቂቃ ተኩል ይሻገራል፤ ከዚያ በላይ መፍጠን አያስፈልግም። ሰው ፎቶ ሊነሣ ወደ ኋላ እያየ ይራመዳል፣ ልጅ ይሮጣል፣ ሰርገኞችም ይመጣሉ። ደወል ከሌላችሁ ከሩቅ ድምፅ አሰሙ፤ አጠገቡ ሲደርሱ የተጮኸበት ሰው ወደየት እንደሚዘል አይታወቅም። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ከጎን ይመታል። ወደ ጎንደር ስትሄዱ ከግራ ነው፤ ምሰሶዎቹን ስታልፉ ነፋሱ ድንገት ጋብ ብሎ መልሶ ይገፋል፤ መሪውን በሁለት እጅ ያዙ። በዝናብ ጊዜ ደግሞ ቀለም የተቀባው መስመርና ብረት የሆነው ሁሉ ያንሸራትታል፣ የቸርኬ ፍሬንም ውኃውን ከብረቱ ላይ እስኪጠርግ ድረስ ዘግይቶ ነው የሚይዘው።

መገጣጠሚያ ያልሁትን ላብራራ። ኮንክሪት በቀን ሙቀት ይረዝማል፣ በሌሊት ይሰበሰባል፤ 380 ሜትር ላይ በአሥር ዲግሪ ልዩነት ብቻ ወደ አራት ሴንቲሜትር የሚጠጋ ለውጥ አለ። ይህን ለመቀበል ድልድይ ጫፎቹ ላይ ክፍተት ይተውለታል፤ በብረትና በጎማ ይሸፈናል። ብስክሌት ይህንን ማቋረጥ ያለበት ቀጥ ብሎ ነው። ጠመም ብሎ የገባ ቀጭን ጎማ ጉድጓዱ ይይዘውና ነጂውን ይጥለዋል። የዝናብ ውኃ መውረጃ ብረቶችም እንደዚሁ ናቸው፤ ዘንጎቹ በጉዞው አቅጣጫ የተደረደሩ ከሆነ ዙሩት እንጂ አትርገጡት።

የብስክሌት ነጂ ትልቁ አደጋ ግን ድልድዩ ላይ የለም፤ ያለው መስመሩ የሚያልቅበት ቦታ ነው። ለብቻ የተከለለ መስመር ይዞ የመጣ ሰው ሐሳቡ ዘና ብሏል፣ የመኪናው ሾፌር ደግሞ እሱ ወደ መንገዱ እንደሚገባ አይጠብቅም። ባጃጅ ለተሳፋሪ የሚቆመውም ብዙ ጊዜ በዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ ከጫፉ 30 ሜትር ያህል ሲቀር ፔዳል መምታት ይተው፣ ወደ ኋላ ይታይ፣ ካስፈለገ ወርዶ ብስክሌቱን እየገፉ ይታለፍ። ከልጆች ጋር ከሆናችሁ ማዶ ደርሳችሁ ተመለሱ፤ ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ልጅ ይዞ መንዳት አይገባም። ጢስ ዓባይ ድረስ በኪራይ ብስክሌት መሄድም አይመከርም፤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መልሱም አለ።

ባጃጅ ሁለት ዓይነት ነው። በመስመር የሚሠራው ሰው እየጫነ እያወረደ ይሄዳል፣ «ወራጅ አለ» ሲባል ይቆማል፣ ርካሽ ነው። ኮንትራት የያዙት ለእናንተ ብቻ ነው፤ ዋጋው ሳይነሣ ይቆረጥ፣ መጠበቂያውም ይካተት። ሳትስማሙ ከገባችሁ የሚጠየቀው የንግግራችሁን ለዛና የጫማችሁን ዓይነት አይቶ ነው። ቴሌብር ካላችሁ የዝርዝር ገንዘብ ችግር ይቀራል። በከተማዋ የባጃጅና የሰው መንቀሳቀሻ ሰዓት የሚገደብበት ጊዜ ስላለ፣ ለማታ ከመውጣታችሁ በፊት የዕለቱን ሁኔታ ሆቴላችሁን ጠይቁ። ይህ ለይስሙላ የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም፤ መልሱን ተከተሉት።

ጀልባን በተመለከተ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ፦ ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ ድልድዩ ሥር የሚያልፍ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይቻልም፤ የጨረጨራ ግድብ በመካከል አለ። «የዓባይ መውጫ» ተብሎ የሚሸጠው ጉዞ ወንዙ ከሐይቁ የሚለይበትን ቦታ፣ የደብረ ማርያምን ደሴትና ዕድል ካላችሁ ጉማሬ ያሳያል። ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሐይቁን ያስነሣዋል። የሕይወት ማዳኛ ጃኬት በቁጥራችሁ ልክ መኖሩንና መታሰሪያው መሥራቱን ሳትነሡ እዩ፤ የልጅ መጠን ከሌለ ሌላ ጀልባ ፈልጉ። ጉማሬ ሲታይ ባለ ጀልባው እንዲጠጋ አትገፋፉት። በሐይቁም በወንዙም ዳር እግርን ውኃ ውስጥ መንከር ቢልሃርዚያ ስላለ ይቅር። ከመስከረም እስከ ኅዳር የወባ ትንኝ ይበዛል፤ ማታ ድልድዩ ላይ ረጅም ሱሪና የትንኝ መከላከያ ቅባት ያስፈልጋል።

ፎቶን በተመለከተ፣ ድልድይ የሚጠበቅ ተቋም ነው። በስልክ ቤተሰብን ማንሣትና ትልቅ ካሜራ በማቆሚያ መትከል አንድ አይደሉም፤ ጥበቃ ካያችሁ ቀርባችሁ ሰላምታ ሰጥታችሁ አስፈቅዱ። ድሮን ያለ ፈቃድ አታምጡ፤ ቦሌ ላይ ጉምሩክ ይይዘዋል።

ለከተማው ማዘጋጃ ቤትና ለመንገዶች አስተዳደር የምለው አለኝ፤ የምለውም ድልድዩ ይህን ያህል ስለሚወደድ ነው። ድልድይ በአብዛኛው የሚያረጀው ከውኃ ነው። የዝናብ መውረጃዎቹ በላስቲክና በውኃ ጠርሙስ ሲደፈኑ ውኃው በብስክሌቱ መስመር ላይ ይተኛል፣ ከዚያም በመገጣጠሚያው ሾልኮ ድልድዩ የተቀመጠባቸውን መሸከሚያዎች ያርሳል። መገጣጠሚያው ውስጥ የተጠቀጠቀ አሸዋና ጠጠር ደግሞ ኮንክሪቱ በቀትር እንዳይረዝም ያግደዋል፣ የመገጣጠሚያውን ጎማም ይቀደዋል። ይህ መጥረጊያ፣ አካፋና ጥቂት ሠራተኞች የሚጨርሱት ሥራ ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ የግድ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በግንቦት። በሁለቱም ጫፍ የብስክሌት ማሠሪያ ብረት ቢተከል፣ የእግረኛው ጠርዝ በተዳፋት ቢተካ፣ የብስክሌቱ መስመር ከሚያልቅበት 50 ሜትር በፊት ለሾፌሩም ለነጂውም ምልክት ቢቆም፣ የሚወጣው ገንዘብ ከድልድዩ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።